ድሬዎች፣ ሳትጣሉ ፈርሙ

ድሬዎች፣ ዛሬ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ፍቺና ስለ ልጅ ወረቀት የምናገረው ያስከፋችሁ ይሆናል። ቢሆንም ዝም ማለቱ ከብዶኛል። እንጀራዬን የማገኘው ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። ከከዚራም ከመጋላም፣ ከገንደቆሬም ከሳቢያንም የሚመጣውን ሰው ብሶት ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። እና አንድ ነገር አንገሽግሾኛል። እፊቴ ቁጭ ብሎ የሚያለቅሰውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ የጎዳው ክፉ ሰው አይደለም። የሚወደው ሰው ነው። «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ እኛ እንተማመናለን» ያለው ሰው ነው።

የድሬ ሰው ልቡ ክፍት ነው፣ ይሄን ማንም አይክደንም። ጎረቤት ጎረቤቱ ቤት ሳያንኳኳ ይገባል። በአንድ ግቢ ውስጥ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው ይደባለቃል። ስንጋባም እንደዚያው ነን። ሽማግሌ ይላካል፣ ኒካህ ይታሰራል ወይ ቤተ ክርስቲያን ይኬዳል። አንዳንዱም ምንም ሳይባል ጓዙን ጠቅልሎ አንድ ቤት ይገባል። ከዚያ በኋላ «ቀበሌ ሄደን እንመዝገብ» ያለ ሰው ወዮለት! «ምነው፣ ልትፈቺኝ አስበሻል እንዴ?» ይባላል። በዚህች ጥያቄ ስንቷ ሴት አፏን ይዛ ቀረች።

አቦ፣ እንዲህ አታስቡ። በፍቅር ጊዜ መፈረም ያልቻለ ሰው በጠብ ጊዜ ከቶ አይፈርምም። ከሞተ በኋላማ ጨርሶ አይፈርምም።

ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992። የከተማችን ተጠሪነት ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የምንዳኘው በዚህ ነው። ሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ሐረር ያላችሁ ዘመዶቻችን የናንተን እዚያው ጠይቁ። የኛው ሕግ ጋብቻን በ3 መንገድ ይቀበላል። በክብር መዝገብ ሹም (ጋብቻና ልደት በሚመዘግበው የመንግሥት ሠራተኛ) ፊት የተፈጸመውን፣ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመውን፣ በባህል የተፈጸመውን። ስለዚህ ኒካሁም ጋብቻ ነው፣ ተክሊሉም ጋብቻ ነው፣ በአገር ሽማግሌ ፊት የታሰረውም ጋብቻ ነው። ማንም ይሄን አልነሳችሁም። ግን በየትኛውም መንገድ ይፈጸም፣ መመዝገብ አለበት ይላል ሕጉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ፣ ማለትም የልደት፣ የጋብቻ፣ የፍቺና የሞት ምዝገባ፣ በመላ አገሪቱ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ተዘርግቷል። ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ፣ ልደት በ90 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። መመዝገቢያው ሩቅ አይደለም፣ ሰፈራችሁ ነው።

ካልተመዘገበ ምን ይመጣል? አንዲት እናት የነገረችኝን ላጫውታችሁ። ባሏ ሞቷል። በጥቁር ፌስታል የሰርግ ፎቶ ይዛ መጣች፣ ሌላ ምንም የላትም። የሟች ወንድሞች «የቤት ሠራተኛው ነበረች» ብለዋል። ፎቶውን አየሁት። «ሠራተኛው ነበረች» ያለው ወንድም ራሱ ከረባት አስሮ፣ ደረቱ ላይ አበባ ሰክቶ፣ ከሙሽራው አጠገብ ሚዜ ሆኖ ቆሟል። ይሄን እያየሁ ለደቂቃ እጄ መጻፍ አልቻለም።

ሕጉ እሷንም አልረሳም። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ከሌለ፣ ሁለቱ ራሳቸውን እንደ ባልና ሚስት ቆጥረው መኖራቸውን፣ ቤተሰቡና አካባቢውም እንደዚያው ያያቸው እንደነበር በማስረዳት ጋብቻውን ማረጋገጥ ይቻላል። ለዚህ ቢያንስ 2 ምስክር ያስፈልጋል። ችግሩ ምስክር ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ጅቡቲ ነው። ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ደግሞ «በሰው ቤተሰብ ጣልቃ አልገባም» አለች። አንቺ እህቴ፣ ቡናዋን ስትጠጪ ጣልቃ አልገባሽም ነበር? ልጇ ሲወለድ ገንፎ አልበላሽም? ያየሽውን አየሁ ማለት ጣልቃ መግባት አይደለም። ዝም ስትይ ግን ከወንድሞቹ ጋር ቆመሻል።

ያለ ጋብቻ አብራችሁ የምትኖሩትም ስሙ። እንደ ባልና ሚስት አብራችሁ ከ3 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከኖራችሁ፣ በዚያ ጊዜ ያፈራችሁት ሀብት የጋራ ነው። «ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ውጪልኝ» ማለት አይሠራም። እሱንም ቢሆን ማስረዳት ይጠይቃል፣ ያው የምስክር ጣጣ ነው።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። ወደ ልጆቹ።

በጋብቻ ውስጥ የተጸነሰ ወይም የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል ሕጉ። ጋብቻው ከተፈጸመ 180 ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከፈረሰም በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ በጋብቻው ውስጥ እንደተጸነሰ ይቆጠራል። ይሄ የተሠራው ልጁን ለመጠበቅ ነው። እናንተ ግን በዘልማዳችሁ ልጁን የሚያስር ገመድ አደረጋችሁት። እንዴት?

ባልየው ጅቡቲ ይሄዳል፣ ወይ ሳውዲ። ይጠፋል። ገንዘብም ድምፅም ይቀራል። ሽማግሌ ይጠራል፤ ከባልየው ወገን አጎቱ፣ ከሷ ወገን አባቷ ይቀመጣሉ። «በቃ፣ ተለያይታችኋል፣ አላህ መልካሙን ያምጣ» ተብሎ ይመረቃል። ፍርድ ቤት የሄደ የለም። ሴትዮዋ ዓመታት ቆይታ ሌላ ሰው ታገባለች፣ ልጅ ይወለዳል። አባትየው ልጁን ታቅፎ በደስታ ሊያስመዘግብ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ የልጁ አባት በሕግ ማን ነው? ያ የጠፋው ሰውዬ! ልጁን አይቶት የማያውቀው፣ ስሙን የማያውቀው። ምክንያቱም ያ ጋብቻ በሕግ አልፈረሰም። ልጁ በሕግ አባት ስላለው፣ አቅፎት የቆመው እውነተኛ አባት «የኔ ነው» ብሎ ቢፈርም ፊርማው ቦታ የለውም። መጀመሪያ ያኛው አባትነት በፍርድ ቤት መነሳት አለበት። ባል ልጁን ለመካድ ደግሞ ጊዜ ተቆርጦለታል፤ መወለዱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን አንስቶ በ180 ቀን ውስጥ መክሰስ አለበት። ሰውዬው የት እንዳለ እንኳ የማይታወቅ ሰው ነው። ጣጣውን አያችሁት? ይሄ ሁሉ የመጣው አንድ ወረቀት ባለመያዙ ነው።

ሽማግሌዎቻችን፣ እናከብራችኋለን። ከናንተ ውጪ ማን ያስታርቀን ነበር። ግን አንድ ነገር እወቁልን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ የሚወስኑት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። ከ1992 ወዲህ ያ ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። ሽማግሌ ያስታርቃል፣ ይመክራል፤ ፍርድ ቤቱ ራሱም ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲነጋገሩ ሊያደርግ ይችላል። ሁለቱም ወገን በፈቃዳቸው ከመረጡ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም አለ። ሳሎን ውስጥ የተባለ «ተለያይታችኋል» ግን ማንንም አይፈታም። ስለዚህ ማስታረቅ ሲያቅታችሁ መርቃችሁ አትነሱ። «ነገ ፍርድ ቤት ሂዱ» በሏቸው። ብትችሉ አብራችኋቸው ሂዱ።

«እነ እንትና ሳይፋቱ ተለያይተው ምን ሆኑ?» የሚለኝ አይጠፋም። ባልና ሚስት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው ሌላ ኑሮ መሥርተው ሲገኙ፣ ጋብቻቸው እንደፈረሰ የተቆጠረበት የሰበር ሰሚ ችሎት፣ የመጨረሻው የፍርድ ደረጃ፣ ውሳኔ አለ። እውነት ነው። ግን ሰበር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከሥር ተነስቶ፣ ይግባኝ ተብሎ፣ ጠበቃ ተይዞ፣ አዲስ አበባ ተመላልሶ ነው። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ የልጁን ትምህርት ቤት ይከፍል ነበር።

ደግሞ በስምምነት መፋታት የምታስቡትን ያህል መከራ አይደለም። ሁለታችሁም ከተስማማችሁ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ንብረቱ የተስማማችሁበትን ጽፋችሁ ታቀርባላችሁ። ምክንያታችሁን ዘርዝሩ ተብላችሁ አትገደዱም፣ ገመናችሁ ገመና ሆኖ ይቀራል። ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። ፍቺው ሲወሰን እሱንም በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ። ሴቶች፣ ፍቺ ካለቀ በኋላ ሌላ ለማግባት 180 ቀን መጠበቅ አለ፤ ከወለድሽ፣ ወይም እርጉዝ አለመሆንሽ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን መጠበቅ አይኖርብሽም።

ስለ ንብረት አላበዛም። ባጃጇ በሱ ስም ናት ማለት የሱ ብቻ ናት ማለት አይደለም። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ሀብት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ ነው። ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ዕቃ ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል፤ ቤትማ ከሆነ ምንም ቢያወጣ። ሳታውቂ ከተሸጠብሽ ካወቅሽ በ6 ወር ውስጥ ክሰሺ፣ በማንኛውም ሁኔታ ሽያጩ ከተፈጸመ 2 ዓመት ማለፍ የለበትም። ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄዱ እህቶቼ ደግሞ፣ አውሮፕላን ሊነሳ ሲል በጥድፊያ ሙሉ ውክልና ፈርማችሁ አትሂዱ። ምን እንዲያደርግላችሁ እንደምትፈልጉ ለይታችሁ ጻፉ። ላባችሁን የላካችሁበት ቤት በናንተው ፊርማ ሲሸጥ ስንቴ እንዳየሁ!

ወደ አባቶች ልመለስ፤ ገና አልጨረስኩም። ያለ ጋብቻ የወለዳችሁ፣ ልጁን የምትወዱ፣ በዒድ ልብስ፣ በእንቁጣጣሽ ጫማ የምትገዙ፣ ሰው ፊት «ልጄ» የምትሉ ሁሉ! ሕጉ አባትነትን መቀበል የሚለው ይሄን አይደለም። መቀበል በጽሑፍ ነው። ወይ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ቀርባችሁ፣ ወይ በኑዛዜ፣ ወይ ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ። እናትየውም እውነት ነው ስትል ይጸናል። አለቀ። ግማሽ ቀን አይፈጅም። ለልጃችሁ በየበዓሉ የምትገዙት ጫማ በዓመቱ ይጠበዋል፣ ስማችሁ ግን ዕድሜውን ሙሉ ይሆነዋል። ሕገ መንግሥቱ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ብሏል። እናንተ ግን በስንፍና እኩል አላደረጋችሁትም። ታላቅ ወንድሙ የልደት ካርድ ላይ የአባቱን ስም ያያል፣ እሱ የእናቱን አባት ስም ያያል። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ልጅ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ?

አባት እንቢ ያለባችሁ እናቶችም ተስፋ አትቁረጡ። አባትነት በፍርድ ይታወቃል። ጽንሱ የመጣው በጠለፋ ወይም በመደፈር ከሆነ፣ በጋብቻ ተስፋ አታሎሽ ከሆነ፣ አባትነቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም ጽሑፍ ከኖረ፣ በዚያ ወቅት ያልተቋረጠ ግንኙነት ከነበራችሁ፣ ወይም እንደ አባት ሆኖ ልጁን ካሳደገና ከረዳ፣ ፍርድ ቤት አባት ነው ሊል ይችላል። ስለዚህ ከጅቡቲ የመጣውን የሐዋላ ደረሰኝ አትጣይ። «ለልጄ የትምህርት ቤት» ብሎ የላከውን መልእክት ከስልክሽ አታጥፊ፣ ስልክ ስትቀይሪም አሳትመሽ አስቀምጪው። የትምህርት ቤት ቅጽ ላይ የወላጅ ቦታ ላይ ፈርሞ ከሆነ ኮፒውን ጠይቂ። ከምስክር ብዛት ይልቅ እንዲህ ያለች ቁራጭ ወረቀት ስትረዳ አይቻለሁ።

የመጨረሻው ቃሌ ልጆቻቸው ለሞቱባቸው እናቶችና አባቶች ነው። ልጃችሁ ሞቷል፣ ሐዘናችሁ ከባድ ነው፣ እግዜር ያጽናችሁ። ግን ደጃችሁ ላይ አንዲት ሴት ልጅ ይዛ ቆማለች። ልጁ የልጃችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ዓይኑ ይናገራል። የእድር ድንኳን ውስጥ ሳላችሁ ነው «አናውቃትም» ያላችኋት፣ ቤቱ እንዳይከፋፈል ብላችሁ። ስሙኝ። አባት ሞቶ ከሆነ ልጁን በሟቹ አባት ምትክ የመቀበል መብት ሕጉ ለናንተ ሰጥቷል፤ ለአባት ወላጆች። የልጃችሁን ልጅ ማንም ሳያስገድዳችሁ መቀበል ትችላላችሁ። ልብሱን ለነዳያን ከማደላችሁ በፊት፣ ሰደቃውን ከማብላታችሁ በፊት፣ ተዝካሩን ከማውጣታችሁ በፊት ልጁን እጁን ይዛችሁ ወደ ክብር መዝገቡ ሹም ሂዱ። ሂዱና ፈርሙለት።