ነብሩ ቱቫሉ ገባ

ሰሞኑን ስልክ በከፈትን ቁጥር ያቺ ለሰብሳቢዎች የምትሸጥ፣ ከብር ማዕድን የተሠራች ሳንቲም በማስታወቂያ ብቅ ትላለች። ጥቁር ሣጥን፣ የምስክር ወረቀት፣ "ውስን እትም፣ ሳያልቅብዎ!"። እናንተንም እንዳሰለቸቻችሁ አልጠራጠርም። እኔ ግን ላመስግናት ነው። ዳቦ አትገዛም፣ የታክሲ ሒሳብ አትከፍልም፣ የጣት አሻራ ካረፈባት ዋጋዋ ይወድቃል። ከዚህ በላይ ጨዋ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

ከሁሉም ልቤን የነካው የቱቫሉ የሳይቤሪያ ነብር ነው። ቱቫሉ በሰላማዊ ውቅያኖስ መሃል የተበተኑ 9 ደሴቶች ናት፤ መሬቷ ተደምሮ 26 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው። ሳንቲሙ የተመታው አውስትራሊያ ውስጥ ነው። በአንድ ፊቱ ንግሥት ኤልሳቤጥ፣ በሌላው ነብር፣ ዋጋው አንድ ዶላር ተብሎ ተጽፏል። አንድ ዶላር የከፈለ ግን ይዞት አይሄድም።

እንኳን ደህና መጣህ፣ ጌታው! ያንን ለበረዶ የተሠራ ካፖርትህን ለብሰህ ዋና ከተማዋ ፉናፉቲ ስትወርድ አቀባበሉ እንዴት ነበር? ማኮብኮቢያው ላይ አውሮፕላን በሌለ ሰዓት ኳስ ይጫወታሉ፤ በረኛ ያደርጉህ ይሆናል። ሙቀቱ ሲብስ ወደ ተራራ ልውጣ እንዳትል፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ቦታ ከባሕር በላይ 5 ሜትር አይሞላም። በኋላ እግርህ ብትቆም ግማሽ መንገድ ደርሰሃል። አጋዘን የለም። ሸርጣን ግን ሞልቷል፤ ወደ ጎን መሮጥ ከቻልክ እራትህ አያሳስብም።

ደግሞ "ለአደጋ የተጋለጡ እንስሳት መታሰቢያ" ይሉታል! አያፍሩም? አደጋ ላይ ያለችው አገሪቱ ራሷ ናት። ጨዋማው ውኃ ከታች እየሰረገ የሕዝቡን የጎደሬ ማሳ ያበላሻል። ገዢው ስሟን ሳንቲሙ ላይ ተቀርጾ ያነብባል፤ ካርታ ላይ ፈልግ ቢባል ግን ጣቱ ካሪቢያን ላይ ያርፋል። ነብሩንም የሚያስታውሰው የብር ማዕድን ዋጋ ሲጨምር ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናችን። ነጭ ጓንት አጥልቆ ሳንቲሙን ለእንግዳ የሚያሳየውን "ኢንቨስተር" ሳናመሰግን ብናልፍ ግፍ ነው። እንግዳው መንካት አይፈቀድለትም፤ መተንፈስም በልክ ነው። ይህ ሰው አሁን ዓይኑን ወደ ኒዌ አዙሯል። ሁለት ሺህ ሰው እንኳ የማይሞላባት ይህች የሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴት ከአቴና ጥንታዊ ሳንቲም ላይ የተቀዳች ጉጉት በሁለት ዶላሯ ላይ አስቀምጣለች። ያቺ ጉጉት አቴና ሳለች ቢያንስ ገበያ ወርዳ ዘይት ትገዛ ነበር።