ጡረታው ብቻ አይደለም
"ያልዘመተበትን ጦርነት ዘመትኩ የሚል ሰው ለጡረታ ብር ብሎ ነው" የምትለዋ ግማሽ እውነት ናት፣ አሜሪካ ዋልተር ዊልያምስ የሚባል ሽማግሌ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865 እ.ኤ.አ.) የመጨረሻ ዘማች ነኝ እያለ ጡረታ ይበላ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ጋዜጠኛ የቆጠራ መዝገብ ሲያገላብጥ ሰውዬው በ1860 ገና የ5 አመት ልጅ ሆኖ ተገኘ፣ ይሄ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ እያለ በዛው አመት ሲሞት ፕሬዝዳንት አይዘንሃወር ብሄራዊ ሀዘን አወጀለት! ይሄንንም ጡረታው ነው ያመጣው? አገሩ ራሱ የመጨረሻ ጀግና ስለፈለገ ነው እንጂ። "እንዲህ የሚዋሹ ሁሉም ይታሰሩ" የምትለው ወንድሜ፣ እዛው አሜሪካ ያልተሸለሙትን የጦር ሜዳሊያ ተሸለምኩ ማለትን ወንጀል ያደረገውን የ2005ቱን ህግ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ሽሮታል፣ በቦታው የወጣው የ2013ቱ ህግ የሚይዘው በውሸቱ ገንዘብ ወይ ጥቅም ሊያገኝ ያሰበውን ነው፣ ለጉራ ብቻ የዋሸውን አይነካም።