መሰላል ላይ ያለችውን ልጅ ተዉአት

የሐረር ሰዎች፣ ነገሬ ከእናንተ ጋር ነው። ለእንግዳ የምንለውን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል። ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ከተማችን፣ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበች፣ በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ (የቅዱሳን ሰዎች) ሥፍራዎች አሉ፣ በዓላችን ሸዋሊድም በ2016 ዓ.ም. ከማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገባ እንላለን። እንግዳው ስልኩን አውጥቶ ሮዝ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የተቀባውን ጠባብ መንገድ ፎቶ ሲያነሳ ደግሞ ደረታችንን እንነፋለን። በዓል በመጣ ቁጥር ያን ግድግዳ ማን እንደሚያድሰው፣ የቤቱን የውስጥ ግድግዳም ከላይ እስከ ታች በስፌትና በሳህን ማን እንዳስጌጠው ግን አንነግረውም። ሴቶች ናቸው። እናቶቻችሁ፣ እህቶቻችሁና ሚስቶቻችሁ ናቸው።

ታዲያ በዚያ እጅ ሥራ የምትኮሩ ሰዎች፣ ያው እጅ ብሩሽ ይዞ ወደ አደባባይ ሲወጣ ምን ያስቆጣችኋል?

ባለፈው የካቲት፣ የሴቶች ቀን ሊከበር ሰሞን፣ ከጁገል ውጭ አንድ አጥር ላይ ሥዕል የምትሠራ ወጣት አየሁ። አጥሩን በጠመኔ በአራት ማዕዘን ከፋፍላዋለች። በእጇ በያዘችው ቁራጭ ካርቶን ላይም ያንኑ መስመር አስምራ፣ ትንሿን ሥዕል ቤት በቤት እየቆጠረች ወደ ትልቁ ግድግዳ ታሸጋግራለች። የቀለሙ ቆርቆሮ በሽቦ ከመሰላሉ ጋር ታስሯል። ከሥሯ ጥቂት ጎልማሶች ቆመዋል። አንዱ ስለ ሱሪዋ ያወራል። ሌላው «ባል የላትም እንዴ?» ይላል። አንዱማ መሰላሉን በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ ሳቀ፤ እሷ ግድግዳውን በመዳፏ ተደግፋ እስኪረጋ ጠበቀች። ስለ ሥዕሉ አንድም ቃል የተነፈሰ አልነበረም። ስለ ሥዕሉ የተናገሩት ስፌት ይዘው ያልፉ የነበሩ አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ቆም ብለው፣ አንጋጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ቀዩ በዝቷል፤ ጥቁር ካላስገባሽበት ዓይን አያርፍበትም» አሏት። «እሺ እማማ» ብላ ወረደችና ጥቁሩን መበጥበጥ ጀመረች። በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ላይ ሥዕል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ጎልማሶቹ ግን ከሁለቱ መካከል አልነበሩም።

የእኚህን እናት ዕውቀት አትናቁት። ስፌት ሲሰፋ ከመሀል ተነሥቶ እየዞረ ይሰፋል፤ ክቡ በዞረ ቁጥር እየተለቀ ስለሚሄድ፣ ጌጡ እንዳይዛነፍ ሰፊዋ በየዙሩ ቁጥሯን ታስተካክላለች። ወረቀት የለ፣ ማስመሪያ የለ። ስንት ወስፌ ወግታ ቀዩን ትታ ወደ ቢጫው እንደምትሻገር የምታውቀው በአእምሮዋ ነው። ስህተቷ የሚታየው ከብዙ ዙር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መተርተር አለ። ይህን የምትችል ሴት ግድግዳ መቀባት አትችልም የምትሉኝ በምን ሒሳብ ነው? ገበያ ወስዳ ስትሸጠው ገዢው ከየት እንደመጣ ይጠይቃል፤ «የሐረር ነው» እንለዋለን። የሰፊዋን ስም የሚጠይቅም፣ የሚናገርም የለም።

ሌላው አገር እንዲህ አልሆነም። በደቡብ አፍሪካ የንደቤሌ ሴቶች የቤታቸውን ግድግዳ በደማቅ ቀለምና በቀጥታ መስመር ያስጌጣሉ። ከእነርሱ አንዷ ኤስተር ማሕላንጉ ሙያውን በልጅነቷ ከእናቷና ከአያቷ ተምራ፣ በአውሮፓውያን 1991 የቢኤምደብሊው መኪና ላይ ያንኑ የሰፈሯን ጌጥ ሣለች። ዓለም ሥራዋን ያወቀው በስሟ ነው። የእኛዎቹ ሙያ ከዚያ የሚያንስ ሆኖ አይደለም፤ ስማቸውን የዋጥነው እኛ ነን።

ሰበባችሁን አውቀዋለሁ። አንደኛው «ምስል መሣል በሃይማኖታችን ነውር ነው» የሚለው ነው። የሚያምንበትን ሰው አከብራለሁ። ነገር ግን የአደባባይ ሥዕል ፊት ያለው ሰው ብቻ ነው ያለው ማነው? የስፌቱ ጌጥ ፊት የለውም፤ ሦስት ማዕዘን፣ ጥምዝና ኮከብ ነው። በየቤታችሁ በክብር የተሰቀለውን አንዲት ልጅ አሥር ሜትር አድርጋ አጥር ላይ ብታወጣው የትኛው ሃይማኖት ይቆጣል? የሚቆጣው ሌላ ነገር ነው። ሴቷ በጠራራ ፀሐይ፣ ከመንገደኛው ራስ በላይ ቆማ፣ ለሰዓታት የራሷን ሐሳብ መሥራቷ ነው። የሴት መብት የሚባለው ነገር ግድግዳው ላይ ከሚጻፈው ቃል በፊት እዚያ መሰላል ላይ ይታያል፤ እናንተም የገባችሁ ይመስለኛል፣ ያለዚያ እንዲህ ባልተቆጣችሁ።

ሁለተኛው ሰበብ ቅርሱ ይበላሻል የሚለው ነው። በዚህስ ከእናንተ ጋር ነኝ፤ እንዲያውም ከእናንተ የባስኩ ነኝ። የጁገል ቤቶች በድንጋይና በጭቃ የተሠሩ ናቸው። ኖራ ሲቀቡ እርጥበታቸውን ያወጣሉ፤ በፕላስቲክ ወይም በዘይት ቀለም ከታሸጉ ግን ውኃው ውስጥ ይቀርና ልስኑን እየላጠ ይጥለዋል። ስለዚህ ከግንቡ ውስጥ ኖራና የቆየው የሴቶቹ ልማድ ይቀጥል፤ አዲሱ ሥዕል ከሸዋ በር ውጭ ባለው ስንት የብሎኬት አጥር ላይ ይሠራ። ይልቅ ይህን ሰበብ የምታነሱ ሰዎች፣ የሞባይልና የለስላሳ ማስታወቂያ በየሱቁ በር ሲለጠፍ የት ነበራችሁ?

አሁን ወደ እናንተ፣ የሴቶችን ቀን በየዓመቱ ወደምታከብሩት የቢሮ ሰዎች እመጣለሁ። እናንተ ሥዕል አትከለክሉም፤ ታሠራላችሁ። ምን እንደምታሠሩ ግን አይቻለሁ። እንስራ ያዘለች ቆንጆ ሴት፣ ሕፃን ያቀፈች ቆንጆ ሴት፣ መሶብ አጠገብ የተቀመጠች ቆንጆ ሴት። ፊታቸው አንድ ነው። ከሥራቸው «ሴት የቤት ምሰሶ ናት» ተብሎ ይጻፋል፤ ሠዓሊው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። ቧንቧ በገባበት ሰፈር እንስራ የምታዝለው ማን ናት? ሌሊት ተነሥታ ጫት ተቀብላ፣ ቀኑን በፀሐይ ተቀምጣ ሸጣ ልጆቿን ዩኒቨርሲቲ ያስገባችው ሴት በየትኛው ግድግዳ ላይ አለች? ሐኪሟስ፣ የባጃጅ ሾፌሯስ?

የታሪክ ሴት ከፈለጋችሁም ሩቅ አትሂዱ። ባቲ ድል ወንበራ የዘይላው ገዢ የማሕፉዝ ልጅ፣ የአዳሉ መሪ የኢማም አሕመድ ሚስት ነበሩ። በአውሮፓውያን 1543 ባላቸው ከሞቱ በኋላ ወደ ሐረር ተመልሰው የከተማዋን ገዢ አሚር ኑርን አገቡ፤ አሚሩ በክርስቲያኑ መንግሥት ላይ ከመዝመታቸው ጀርባ የእሳቸው ግፊት እንደነበረ ይተረካል። እኚህን ሴት አንዱ እንደ ጀግና፣ ሌላው በምሬት ያስታውሳቸዋል፤ ያም ተገቢ ነው፣ የታሪክ ሰው እንዲህ ነው። ግን በዚህ ሁሉ ግንብ ዙሪያ የእሳቸውን ታሪክ የሚያሳይ አንድ ሥዕል አሳዩኝ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ የሠሩት፣ ሐረርን ይገዙ የነበሩት የራስ መኮንን ሐውልት እዚሁ ከተማችን በ2012 ዓ.ም. ሲፈርስ ያለቀሰም የጨፈረም ነበር። በዚያ ጠብ ውስጥ አሁን አልገባም። የቆመውም የወደቀውም ፈረስ ላይ የተቀመጠ ወንድ መሆኑን ግን ማንም ልብ አላለውም፤ ክርክራችን ሁልጊዜ የየትኛው ወንድ መታሰቢያ ይቁም የሚል ነው።

ክፍያን በተመለከተ የምሰማው ያሳፍራል። ወጣት ሴት ሠዓሊ ጠርታችሁ «ልምድ ታገኚበታለሽ» ትላላችሁ። ለድንኳን ሠሪውና ለድምፅ ማጉያ አከራዩ ልምድ ትሰጡታላችሁ ወይስ ብር? ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ጥግ ላይ የመሥሪያ ቤቱ ዓርማ በትልቁ ይቀመጣል፤ ስሟ የለም። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን ያመነጨችው ሠዓሊ በስሟ የመታወቅ የሞራል መብት አላት። ከሁለት ወር በኋላ የትምህርት ቤት ምዝገባ ማስታወቂያ በሙጫ ይለጠፍበታል። ሙጫው ሲላጥ ቀለሙን ይዞ ይነሣል፤ ያኔ የቀረውን አይታችሁ «ሥዕሉስ ጥራት የለውም» ትላላችሁ።

ወላጆችም አላችሁበት። ልጃችሁ በደብተሯ ጀርባ ስትሥል «ጎበዝ» ብላችሁ፣ መንገድ ላይ ልትሥል ስትወጣ «ምን ይሉናል» ብላችሁ ትመልሷታላችሁ። የሚሉትን እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ከላይ ጻፍኩት። ለእነዚያ ሰዎች አፍ ብላችሁ ልጃችሁን ቤት አትዝጉባት። አባትም ሆነ ወንድም አብሯት ይሂድ፣ ከመሰላሉ ሥር ይቁም፤ ለከፋውም ያኔ ይቀንሳል።

በሚመጣው የካቲት 29 ደግሞ አዲስ ነገር ማድረግ የምትሹ ከሆነ፣ በዋዜማው አትሯሯጡ። ክረምቱ አልፎ ግድግዳው በሚደርቅበት በጥቅምት ግድግዳውን ምረጡ፣ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ሥዕሉ ምን እንደሚሆን ስፌት የሚሰፉትን እናቶችና ሠዓሊዎቹን ልጆች በአንድ ላይ አስቀምጣችሁ ጠይቁ፤ የእናቶቹም ቀን የሥራ ቀን ነውና አበላቸውን ክፈሉ። ውሉ ላይ የሠዓሊዋ ስም በግድግዳው ላይ እንደሚጻፍ፣ ቢያንስ ለተወሰኑ ዓመታት ምንም ነገር እንደማይለጠፍበት ይስፈር። ገንዘብ የለም አትበሉኝ፤ በማግስቱ የሚጣለው ባነርና ማንም ሁለተኛ የማይለብሰው ቲሸርት የሚወጣበትን በጀት ወደዚህ አዙሩት። ግማሹንም ክፍያ ቀለም ከመግዛቷ በፊት ስጧት።