እርማት፦ «ቃላት 7 ፐርሰንት ብቻ ናቸው» የምትለዋ ነገር

ወንድሜ ስለ ታሪክ አነጋገር ስላይድህ ላይ የጻፍከው አብዛኛው ይመቻል፣ ግን «ታሪክ ስትነግር ሰውን ከሚነካው 7 ፐርሰንቱ ቃል፣ 38ቱ ድምፅ፣ 55ቱ ፊት ነው» ያልካት ልክ አይደለችም። እኔም አምኛት ነበር እኮ፣ ለአንድ ንግግር ሳምንት ሙሉ እጄንና ድምፄን ብቻ ስለማመድ ከርሜ ሰዉ ስልኩን ሲጎረጉር አየሁት።

ቁጥሯ የመጣችው አልበርት መህራቢያን የሚባል የሳይኮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ካወጣቸው ሁለት ጥናቶች ነው። እዛ ላይ ታሪክ የነገረ ሰው የለም! ሰዎቹ የሰሙት ነጠላ ቃል ነው፣ በአንደኛው «ምናልባት» የምትል ቃል በተለያየ ቶን ተቀድታ ከፊት ፎቶ ጋር ቀረበችላቸውና ተናጋሪው ስለሚያናግረው ሰው ምን እንደሚሰማው፣ ይወደዋል ወይስ ይጠላዋል የሚለውን ገመቱ፣ በቃ ይሄው ነው። ራሱ መህራቢያንም ስለ ስሜትና አመለካከት ካልሆነ በቀር ስሌቱ አይሰራም ብሏል። ደግሞ ልክ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤ አንብቦ የሚያለቅስ ሰው ከየት ይመጣ ነበር?

«አባቴ ሲሞት በጣም አዘንኩ» ብለህ ድምፅህን ብታንቀጠቅጥ ሰሚው ከንፈሩን መጦ ያልፋል። «ሶስት አመት ሆነው፣ ቁጥሩን ግን ከስልኬ አላጠፋሁትም፣ ሌላ ሰው ስፈልግ ስሙ ላይ ስደርስ ጣቴ ቀጥ ይላል» ካልክ ግን ድምፅህ ደረቅ ቢሆን እንኳን የራሱን ስልክ ነው የሚያስበው። ቶን አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ያቺን ቁጥር ግን ከስላይድህ ላይ አውጣት።