ደመወዝ ቢዘገይም ማርከስ ኦሬሊየስ በሰዓቱ ይደርሳል

ባለፈው ወር ደመወዝ ዘገየ። ይሄ እንኳን ወሬ አይሆንም። ወሬው የመጣው በመሥሪያ ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው እናት፣ "ልጆቼ፣ ደመወዝ መቼ ነው የሚገባው?" ብለው የጠየቁ ጊዜ ነው። መልሱ ከሂሳብ ክፍል ይመጣል ብለን ስንጠብቅ ከሮማ መጣ። አለቃችን ጥቁር መደብ ላይ ጺሙ የተጠቀለለ የእብነ በረድ ሐውልት ለጠፉ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ የሚረብሽህ ነገሩ ራሱ አይደለም፤ አንተ ለነገሩ የምትሰጠው ግምት ነው፤ ግምቱን ደግሞ አሁኑኑ መሰረዝ ትችላለህ። ማርከስ ኦሬሊየስ፣ የጥንቱ የሮማ ንጉሠ ነገሥት።

ወዲያው ልብ ዘነበ። የሂሳብ ክፍል ኃላፊው ሁለት እጁን አጋጥሞ የሚሰግደውን ምልክት ጨመረበት። እኔም ተነካሁና ማታ ወደ ቤት ስገባ ለባለሱቁ "የሚረብሽህ ዱቤው ሳይሆን ለዱቤው የምትሰጠው ግምት ነው" ልለው ዳዳኝ። ፊቱን አየሁት። ደብተሩ ላይ እንጂ ፍልስፍና ላይ ብዙም እንዳልገፋ ስለገባኝ ተውኩት።

እንዴት ያለ ዘመን ላይ ደረስን ጎበዝ! ድሮ አለቃ ሲጨንቀው "እስቲ ትንሽ ታገሡ" ይል ነበር። ትዕግሥት የሀገር ውስጥ ምርት ስለሆነ ማንም አያከብረውም፤ ሠራተኛው ያጉረመርማል፣ ማኅበር ይጠራል። አሁን ትዕግሥት ተሻሽሎ ከውጭ ገባ፤ ስሙም ስቶይሲዝም የሚባል የጥንት ግሪክና ሮማ ፍልስፍና ሆነ። አያቴ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እያለች ስታረጅ አንድ ሰው ላይክ አላደረጋትም። ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ጺም አልነበራትም። ያንኑ አባባል ሐውልት ላይ ጽፋችሁ ከሥሩ "ሴኔካ፣ የሮማ ፈላስፋ" በሉና ልቀቁት፣ እስከ ማታ ሀገር ሙሉ ሲቀባበለው ታያላችሁ። ከተቀባባዮቹም መካከል "ነጭ እኮ ያውቃል" የሚል አይጠፋም።

አነቃቂ ተናጋሪዎቻችንንማ ማን በቃል ይገልጻቸዋል። አንዱ አዳራሽ ተከራይቶ፣ ጆሮው ላይ ማይክ ሰክቶ "ማርከስ ኦሬሊየስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ይነሣ ነበር! አንተስ?" እያለ ይጮኻል። ሰውዬው በማስታወሻው አምስተኛ ክፍል የጻፈው ግን ጎህ ሲቀድ መነሣት እንዴት እንደሚያስጠላው ነው። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ "እዚህ ይሞቀኛል እኮ" እያለ ከራሱ ጋር ይሟገታል። የዓለም ገዥ ከአልጋ መውረድ አቅቶት የጻፈውን ይዘን፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመችውን ልጅ "ተነሺ!" እንላታለን። ትኬት ገዝታ እንድትሰማው ጭምር።

አንድ የማትጠቀስ ጣጣ አለች። ማርከስ ያንን ሁሉ የጻፈው ለራሱ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. ነገሠ፤ በመሐሉ ወረርሽኝ ገባ፣ በዳኑብ ወንዝ ማዶ ያሉ ነገዶች ተነሡበት፤ እሱም ጦር ሰፈር ተቀምጦ በግሪክኛ፣ "አንተ" እያለ ራሱን ገሠጸ። አሥራ ሁለት ክፍል ሙሉ የሚቆጣው ማርከስ የሚባለውን ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ለበታች ሠራተኛ መላክ ትልቅ ፈጠራ ነው። የሰውን የንስሐ ወረቀት አንሥቶ ጎረቤት በር ላይ እንደ መለጠፍ ያለ።

ደግሞ ሐውልቱ ላይ የማትለጠፍ ሌላ ታሪክ አለች። ጦርነቱ ካዝናውን ባዶ ሲያደርገው ንጉሠ ነገሥቱ ምን እንዳደረገ የጥንቱ የሕይወት ታሪኩ ይተርካል። አውራጃዎቹ ላይ ተጨማሪ ግብር መጣል አልፈለገም። የቤተ መንግሥቱን የወርቅና የብርሌ ዋንጫ፣ የሚስቱን በወርቅ የተጠለፈ የሐር ልብስ፣ ጌጣጌጡን ሁሉ ትራጃን አደባባይ አወጣና ሐራጅ አለው። ሐራጁ ሁለት ወር ቆየ። የኛ አለቃ ይህንን ገጽ ገና አልደረሱበትም መሰለኝ፤ መኪናቸው አሁንም ግቢ ውስጥ ቆማለች፣ ዘበኛው በየጠዋቱ ያጥባታል። የእሱም ደመወዝ አልገባም።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱን ልተወው። እትዬ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ ነው ገንዘቡን የጠየቁት። የጠየቁት የሠሩበትን ነው፤ ወለሉ ተወልውሏል፣ ሽንት ቤቱ ታጥቧል፣ ወሩ አልቋል። ለእኚህ ሴት "ችግሩ ያለው ግምትሽ ውስጥ ነው" ብሎ መላክ ነውር ነው። ሌላ ስም የለውም። ፈላስፋውን ኤፒክቴተስን ጠቅሳችሁ "በእጅሽ ያልሆነውን ተዪው" የምትሉም አላችሁ። ኤፒክቴተስ ባሪያ የነበረ፣ እግሩ የሚያነክስ ሰው ነው፤ ያንን ያስተማረው ጌትነት ምን እንደሆነ ከታች ሆኖ አይቶት ነው። የእትዬ ደመወዝ በእትዬ እጅ አይደለም፣ እውነት ነው። በእናንተ እጅ ነው። ፈርሙ!

ይቅርታ፣ ሮማዊ መረጋጋቴን አጣሁ። ወደ ምስጋናው ልመለስ።

ከሁሉ የምወዳቸው የአንድ ጓደኛዬ አከራይ ናቸው። ጋሼ እንበላቸው። ጋሼ ሦስት ቤት ያከራያሉ፣ ሴኔካን ደግሞ በቃላቸው ይወጡታል። ኪራይ ሲጨምሩ እንደ ተራ አከራይ በር አያንኳኩም፤ ጥቅስ ይልካሉ። ባለፈው ጭማሪ የላኩት ሴኔካ ለወዳጁ ለሉሲሊየስ ከጻፋቸው ደብዳቤዎች አሥራ ስምንተኛውን ነው፦ የተወሰኑ ቀናት ለይተህ ርካሽ ምግብ ብላ፣ ሻካራ ልብስ ልበስ፤ ከዚያ "ስፈራው የኖርኩት ይሄንን ነው እንዴ?" ብለህ ራስህን ጠይቅ።

ሴኔካ ያዘዘው ሦስት አራት ቀን፣ አንዳንዴም ትንሽ ረዘም አድርጎ ነው። ጓደኛዬ ያለ ማንም ትእዛዝ በየወሩ ከአሥራ አምስት ጀምሮ እስከ ሠላሳ ይለማመዳል። ሽሮው በርበሬ ብቻ እስኪሆን ድረስ ቀጥኗል። ልብሱ ሻካራ ነው፣ ሳሙና ተወድዷል። በዚህ አያያዙ ሴኔካን አልፎ ሄዷል። ሴኔካ ልምምዱን ሲጨርስ ቤቱ ይገባ ነበርና። ጠላቱ ሱዊሊየስ፣ የሮማው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ እንደጻፈው፣ "ይሄ ሰው በየትኛው ጥበብ ነው በአራት ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ የኔሮ ወዳጅነት 300 ሚሊዮን ሴስተርስ ያካበተው?" ብሎ ከስሶታል። ያኔ የአንድ ተራ ወታደር ደመወዝ በዓመት 900 ሴስተርስ ነበር። ጋሼ ይህንን ሲሰሙ አልደነገጡም። "አየህ፣ ሀብትና ጥበብ አይጣሉም" አሉት፤ ጭማሪውንም አጸኑ።

ጓደኛዬ በበኩሉ መማሩ አልቀረም። ኪራዩ በደረሰ ቀን "ጋሼ፣ ማርከስ ኦሬሊየስ ማጣት ለውጥ እንጂ ሌላ ምንም አይደለም ይላል፤ ተፈጥሮም በለውጥ ትደሰታለች" ብሎ ጻፈላቸው። የጋሼ መልስ በደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ጥቅስ የለውም፣ ሐውልት የለውም፦ "እስከ ነገ ካላስገባህ ትለቃለህ።"

ከዚያ ደግሞ ጩኸቱ መጣ። ጋሼ የታችኛውን ክፍል ለበርና መስኮት ሠሪ፣ የጎኑን ለግሮሰሪ አከራዩት። ቀን ግራይንደር፣ ማታ ስፒከር። ጓደኛዬ አቤት ሲል ሃምሳ ስድስተኛው ደብዳቤ ተላከለት። ሴኔካ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አናት ላይ እየኖረ የጻፈው ነው፤ እውነቱን ለመናገር ድንቅ ደብዳቤ ነው። ከታች ጡንቸኞቹ የእርሳስ ክብደት እያነሡ ያቃስታሉ። ማሳጅ የሚያደርገው ሰው መዳፉን ጀርባ ላይ ያጮለዋል። አንዱ ኳስ ሲጫወት ነጥብ ይቆጥራል፣ ሌላው የተያዘ ሌባ ነው፣ ሌላው ውኃ ውስጥ የገዛ ድምፁ ጥሞት ይዘፍናል። ጸጉር ነቃዩ ገበያ እንዲያገኝ በቀጭን ድምፅ ይጣራል፤ ዝም የሚለው የሰው ብብት ሲነቅል ብቻ ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚነቀለው ይጮኻል። ቋሊማ ሻጩም አለ፣ ኬክ ሻጩም አለ፣ እያንዳንዱ በየዜማው። ሴኔካ ታዲያ "አእምሮህ ከተረጋጋ ይህ ሁሉ ከማዕበል ድምፅ አይበልጥም" ይላል።

ጋሼ የላኩት እስከዚህ ድረስ ያለውን ነው። ጓደኛዬ ግን ግራይንደሩ እንቅልፍ ስለነሣው ደብዳቤውን ፈልጎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ሴኔካ መጨረሻ ላይ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? ራሴን ልፈትን ብዬ ነበር እንጂ፣ ከዚህስ ቤት እለቃለሁ፤ ለምን ከሚገባው በላይ ልሠቃይ? ይላል።

ጓደኛዬ በማግስቱ ፒክአፕ ጠራ። ዕቃው ብዙ አልነበረም፤ ልምምዱ በልቶታል። ጋሼ በረንዳ ላይ ቆመው የቅድሚያ ክፍያው እንደማይመለስ አስረዱት። ጥቅሱን ሰምቼው አላውቅም፣ የራሳቸው ሳይሆን አይቀርም።

ቤቱ ዛሬ በደላላ ግሩፕ ላይ ወጥቷል፤ ዋጋው ጨምሯል። "ጸጥታ የሰፈነበት፣ ለጥናትና ለጽሞና የሚመች" ይላል። ቪዲዮውን ድምፁን ከፍታችሁ እዩት።