የድሃውን ምድጃ ቆጥሮ «ፍትሐዊ» ማለት

ሰሞኑን በአንድ የታሪክ ውይይት ላይ የቀረቡ ተናጋሪ፣ ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1662 በእንግሊዝ መንደሮች ላይ የጣለውን የምድጃ ግብር «ለዘመኑ ፍትሐዊ» ሲሉ አሞገሱት፤ ባለጸጋው ብዙ ምድጃ ስላለው ብዙ ይከፍላል፣ ድሃው ደግሞ በሕግ ነፃ ነበር ይላሉ።

ድሃው ነፃ ነበር? ነፃ ለመባል የቤቱ የዓመት ኪራይ ከ20 ሺሊንግ እንደማይበልጥ የአጥቢያው ቄስና ሹማምንት መስክረውለት፣ ሁለት የሰላም ዳኞች (የአካባቢው ዳኞች) የፈረሙበትን ወረቀት ማቅረብ ነበረበት። ማጣቱን በጎረቤቶቹ ፊት ያስመሰከረን ሰው «ሕጉ አዘነለት» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከ1664 ወዲህማ ከሁለት በላይ ምድጃ ያለው ሰው የቱንም ያህል ቢደኸይ ከመክፈል አያመልጥም ነበር።

የገንዘቡ መጠን፣ ማለትም ለአንድ ምድጃ በዓመት 2 ሺሊንግ፣ ለቀን ሠራተኛ ቀላል ባይሆንም ዋናው በደል እርሱ አይደለም። መሬትና ከብት ከደጅ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ምድጃ ግን ጓዳ ካልገቡ አይቆጠርም። ስለዚህ ሕጉ ቆጣሪው ከኮንስታብል (ከመንደሩ ሕግ አስከባሪ) ጋር ሆኖ ሰው ቤት እንዲገባ፣ ልጆች የሚተኙበትን ክፍል ጭምር እንዲፈትሽ፣ ግብር ለማምለጥ ምድጃውን የደፈነውንም እጥፍ እንዲያስከፍል ፈቀደለት። ኮንስታብሉ የመንደሩ ሰው ስለሆነ እንኳ ጥቂት ያፍር ይሆናል። በ1666 ግን መንግሥት አሰባሰቡን ለለንደን ነጋዴዎች በኮንትራት አሳልፎ ሰጠ፤ ከውሉ ገንዘብ በላይ የተገኘው ሁሉ ለነጋዴዎቹ የሚቀር በመሆኑ እያንዳንዷ ተጨማሪ ምድጃ ትርፋቸው ሆነች። በዚህ ውል የተላከ እንግዳ በአንዲት መበለት ጓዳ ውስጥ ቆሞ ስለ ፍትሕ እንዲያስብ የሚጠብቅ ካለ፣ ነጋዴም ሆነ ጓዳ አያውቅም። የአንጥረኛው እቶን ይቆጠር አይቆጠር እየተባለ መካሰሱም የዚሁ ስግብግብነት ፍሬ ነው።

የምድጃ ቆጠራው መዝገቦች ዛሬ ለታሪክ ተመራማሪዎች ሀብት መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን ገበሬው የተቆጠረው ለእነርሱ ጥናት ሲባል አልነበረም።

ተናጋሪው ንጉሥ ዊልያም በ1689 ግብሩን የሻረው «ለመወደድ» ነው ሲሉም አቃለሉት። የሻረው ሕግ ራሱ ግብሩን የሕዝብ ሁሉ የባርነት ምልክት ብሎ የጠራው የማንም ቤት በማያውቀው ሰው እንዲፈተሽ ስላጋለጠ ነው። ሊወደድ ፈልጎ ከሆነም፣ አዲሱ ንጉሥ መንደርተኛው አጥብቆ የሚጠላውን ነገር ከእኚህ ተናጋሪ ይልቅ ለይቶ ያውቅ ነበር።