የኮንዶሚኒየም ግራውንድ ለማን ይሰጥ?

ክርክሩ የተነሳው ለቅሶ ላይ ነው። ሟቿ እናት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚኖሩት። በመጨረሻ ዘመናቸው የሚወርዱት ሐኪም ቤት ሲሄዱ ብቻ ነበር። ያኔም የሰፈር ልጆች በወንበር ተሸክመዋቸው። ድንኳኑ ውስጥ ይህ ሲወራ አንድ መሐንዲስ ወዳጃችን አላስችል አለው።

«መፍትሔው ሊፍት ነው። 40/60 በሚባሉት ኮንዶሚኒየሞች ላይ ተገጥሞ የለ?»

ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ቀበል አደረጉ። «ልጄ፣ መብራት ሲጠፋስ? ሲበላሽስ ማን ያሠራዋል? እኛ ለጥበቃና ለጽዳት የሚዋጣውን እንኳ በጭንቅ ነው የምንከፍለው።» አጠገባቸው የነበረች ነርስ የውሃውን ነገር ጨመረች። ግፊቱ ሲደክም ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ጀሪካን ተሸክሞ ያን ሁሉ ደረጃ መውጣት ለወጣትም ፈተና ነው።

አንዱ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ከከተማ ወጣ ብሎ ለአረጋውያን ብቻ የሚሆን፣ ፎቅ የሌለው፣ ክሊኒክ ያለው ሰፈር ይሠራ አለ። መምህርቷ አላስጨረሱትም።

«ከእድሬ ለይተህ? ቡና ከምትጠራኝ ጎረቤቴ ለይተህ? ስታመም በሬን ማን ያንኳኳል?»

«እና ምን ይደረግ፣ እትዬ?» አላቸው መሐንዲሱ።

«ግራውንዱን ስጡን።»

እሱም ግራውንድ ላይ ያሉት ሱቆች በጨረታ የሚሸጡት የመኖሪያ ቤቶቹን ዋጋ ለመደጎም መሆኑን አስረዳ። እውነቱን ነው። ያንን ገቢ የሚያስቀር ሰው ሌላ ምንጭ ማሳየት አለበት።

እኔ ግን ከመምህርቷ ጋር ነኝ። ሱቅ የሚያዋጣው መንገድ ዳር ባለው ብሎክ ነው። ግቢ ውስጥ ባሉት ብሎኮች ግራውንድ ላይ የሚኖረው ሰው ነው፤ ዕጣው ከወጣለት የ25 ዓመት ጎረምሳም ሊሆን ይችላል። በ1997 ተመዝግበው ዕጣቸው በ2015 የወጣላቸው ሰዎች አሉ። በ50 ዓመቱ የተመዘገበ ሰው 68 ሞልቶት ቤት ደረሰው ማለት ነው። ለዚህ ሰው አራተኛ ፎቅ ምን ያደርግለታል? ዕጣ ሲወጣ 30 በመቶ ለሴቶች፣ 20 በመቶ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶ ለአካል ጉዳተኞች ድርሻ ተይዞ ያውቃል። ፎቅ ሲደለደል ዕድሜም እንደዚሁ ይቆጠር።

ቤቱም ለሽማግሌ ታስቦ ይሠራ። ዊልቸር የሚያስገባ በር፣ ደፍ የሌለው መግቢያ፣ ሽንት ቤት ግድግዳ ላይ የመያዣ ብረት። ፕላን ላይ እያለ በር ማስፋት ቀላል ነው፤ ካለቀ በኋላ ግን ብሎኬት ማፍረስ ነው። በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ሽማግሌ የሚያድርበት ቤት ከዚያ ያነሰ ሊሆን አይገባም።

ተሠርተው ላለቁት ደግሞ ቅያሪ ይመቻች። አራተኛ ፎቅ ያሉ እናት ግራውንድ ካለ ወጣት ጋር ከተስማሙ፣ ስም የማዛወሪያውን ወጪ ከተማው ይቻልላቸው። ለወጣቱም ለልፋቱ ትንሽ ቢጨመርለት እንኳ በየብሎኩ ሊፍት ከመግጠም በብዙ ይረክሳል።